የክላየንት ሰርቨር ፕሮግራሚንግ መጽሐፍ አመራረጥ

ጅማ ላይ ለኔትወርክ ፕሮግራሚንግ (ጠያቂው ክላየንትና መላሹ ሰርቨር የሚነጋገሩበትን ፕሮግራም ለመጻፍ) የሚሆን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ብታነሱም፣ ኔትወርክ ደህና ሲሆን ፒዲኤፍ ብታወርዱም፣ ሽፋኑን አትመኑ። መጀመሪያ ከኋላ ያለውን የቃላት ማውጫ ገልጣችሁ «ጌትአድርኢንፎ»ን (getaddrinfo፣ የሰርቨርን ስም ወደ አድራሻ የሚቀይር ፈንክሽን) ፈልጉ። እሱ ጠፍቶ ይህንኑ ይሠራ የነበረው የድሮው «ጌትሆስትባይኔም» (gethostbyname) ብቻ ካለ መጽሐፉ አርጅቷል፤ የድሮው ፈንክሽን የሚመልሰው የአይፒቪ4 (የቆየው የኢንተርኔት አድራሻ ዓይነት) አድራሻ ብቻ ነው። ሐሳቡን አንብቡት፣ ኮዱን ግን አትገልብጡ።

ቀጥሎ የመጀመሪያውን የሰርቨር ምሳሌ እዩ። የመጣውን ዳታ የሚያነበው «ሪሲቭ» (recv) የተጠራው በሉፕ ውስጥ ነው ወይስ አንዴ ብቻ? ዋናው መለኪያ ይህ ነው። ዳታውን የሚያጓጉዘው ፕሮቶኮል ቲሲፒ (TCP) እንደ ቦይ ውኃ ይፈሳል እንጂ እንደ ቡና ጆንያ እየተቆጠረ አይራገፍም። በአንድ ጊዜ የላካችሁት 1,000 ባይት 600 እና 400 ሆኖ ሊደርስ ይችላል፤ አንዴ ብቻ የሚያነብ ኮድ ቀሪውን ይተወዋል። በራሳችሁ ላፕቶፕ ስትሞክሩት ብዙ ጊዜ ስለማይከፋፈል ስህተቱ ተደብቆ ይቆያል።

በአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ይብሳል። በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በባይት የመጻፊያ ስልት) አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ «ጅማ» 6 ባይት ናት ማለት ነው። ላኪው ፊደል ቆጥሮ «ርዝመቱ 2 ነው» ካለ ተቀባዩ የ«ጅ»ን ሁለት ባይት ብቻ ያነባል፤ ስክሪኑ ላይ የማይነበብ ምልክት ይወጣል። የቀሩት 4 ባይቶች እንደ ቀጣይ መልእክት ይቆጠሩና ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛባል። ስለዚህ የመልእክትን ርዝመት በባይት አስቀድሞ መላክን የሚያስተምር መጽሐፍ ምረጡ።

አንድ ክላየንት ብቻ አስተናግዶ የሚያበቃ መጽሐፍም አይበቃም፤ ብዙ ክላየንቶችን ጎን ለጎን ለማስተናገድ የሚያገለግሉትን «ፎርክ»ን (fork) ወይም «ትሬድ»ን (thread)፣ ከዚያም ብዙ ግንኙነቶችን በአንዴ የሚጠብቀውን «ፖል»ን (poll) ማሳየት አለበት።

የሲ (C) ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ለሚችል ጀማሪ የቢጅን የኔትወርክ ፕሮግራሚንግ መመሪያ (Beej's Guide to Network Programming) እንመክራለን። ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል፤ ፈቃዱ ለንግድ እስካልሆነ ድረስ ማባዛትን ስለሚፈቅድ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ ብታሳትሙት ችግር የለውም። እሱን ስትጨርሱ የሪቻርድ ስቲቨንስ «ዩኒክስ ኔትወርክ ፕሮግራሚንግ» ቅጽ 1 ይከተላል፤ የ2003ቱን ሦስተኛ እትም ያዙ። የማይክል ኬሪስክ «ዘ ሊኑክስ ፕሮግራሚንግ ኢንተርፌስ» ከ1,500 ገጽ በላይ ስለሆነ አያስፈራችሁ፤ ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልጋችሁ ከምዕራፍ 56 እስከ 61 እና ምዕራፍ 63 ነው።

ለልምምዱ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ሁለት ተርሚናል ክፈቱ፤ በአንዱ ሰርቨሩን፣ በሌላው ክላየንቱን አስነሱና በ127.0.0.1 (የራሱ የኮምፒውተሩ አድራሻ) አገናኟቸው። ከ1024 በታች ያለ ፖርት (ሰርቨሩ የሚያዳምጥበት ቁጥር) ብዙውን ጊዜ የሩት (የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ) ፈቃድ ስለሚጠይቅ 5000ን የመሰለ ተጠቀሙ። ሰርቨሩን ዘግታችሁ ወዲያው ስታስነሱት «አድራሻው ተይዟል» ካለ ኮዳችሁ አልተበላሸም፤ የቀድሞው ግንኙነት «ታይም ዌይት» (TIME_WAIT፣ ከተዘጋ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የሚቆይበት ሁኔታ) ላይ ነው። ሰርቨሩን ከፖርቱ ጋር ከሚያያይዘው «ባይንድ» (bind) በፊት አድራሻውን እንደገና ለመጠቀም የሚፈቅደውን «ኤስኦ ሪዩዝአድር»ን (SO_REUSEADDR) አብሩት።