ለማዞር ሕመም የጋራ የምርመራ መስፈርት ስታወጡ

«ያዞረኛል» የሚል ታካሚ ምን ማለቱ ነው? አንዱ ቤቱ ከነጣሪያው ይዞርበታል። ሌላው ከተቀመጠበት ብድግ ሲል ዓይኑ ይጨልምበታል። ሦስተኛው ሲራመድ ብቻ ይንገዳገዳል። ሦስቱም ካርዳቸው ላይ «ማዞር» ተብሎ ከተጻፈ፣ በዚያ ላይ የሚወጣው መስፈርት አይጸናም። ስለዚህ የበሽታ ስም ከመጥራታችሁ በፊት ምልክቶቹን ለዩና ትርጉማቸውን ጻፉ። የማዞርና የሚዛን ሕመሞችን የሚያጠኑ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር የሆነው የባራኒ ማኅበርም የምደባ ኮሚቴውን እ.ኤ.አ. በ2006 አቋቁሞ፣ በ2009 አስቀድሞ ያወጣው የምልክቶችን ትርጉም ነው።

ቡድኑ ውስጥ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪምም የነርቭ ሐኪምም ይኑሩ። አንዱ ብቻውን ከጻፈው የሌላው ታካሚ ይረሳል።

ለእያንዳንዱ በሽታ ሕመሙ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ፣ ምን ያህል እንደቆየ፣ ምን እንደቀሰቀሰውና በምርመራ ምን እንደታየ ጻፉ። «ለአጭር ጊዜ» አትበሉ፤ ደቂቃውን ቁረጡ። በውስጠኛው ጆሮ የኋለኛ ቱቦ ውስጥ ጠጠር ሲንሳፈፍ የሚመጣውን ማዞር እንውሰድ። ታካሚው አልጋ ላይ ተቀምጦ ራሱን ወደሚመረመረው ጆሮ 45 ዲግሪ ያዞራል፤ ከዚያ ራሱ ከአልጋው ጫፍ በትንሹ እንዲንጠለጠል ፈጥናችሁ በጀርባው ታስተኙታላችሁ። ዓይኑን እንዳይጨፍን ንገሩት። አንድ ወይም ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ዓይኑ ወደ ግንባሩ እየመታ፣ ላይኛው ጫፉም ወደ ታችኛው ጆሮ እየተሽከረከረ ይርገበገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ይቆማል። የዓይኑ አቅጣጫ ካልተጻፈ ምርመራው «ፖዘቲቭ» መባሉ ብቻውን አይበቃም፤ ያለማቋረጥ ወደ ታች ብቻ የሚመታ ዓይን አንጎልን ያስጠረጥራልና።

ሰዓት ግን ሁልጊዜ አይለይም። ማዞርን ከመስማት መቀነስ ጋር የሚያመጣው የውስጠኛው ጆሮ በሽታ፣ የሜኒየር ሕመም፣ በአንድ ጊዜ ከ20 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት፣ ቬስቲቡላር ማይግሬን (ማዞር የሚያመጣ ማይግሬን) ደግሞ ከ5 ደቂቃ እስከ 72 ሰዓት ይቆያል፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል። ለሜኒየር መለያው በኦዲዮሜትሪ (በመሣሪያ በሚደረግ የመስማት ምርመራ) የተረጋገጠ፣ የዝቅተኛና መካከለኛ ድምፆች መስማት መቀነስ ነው። መሣሪያው በሌለበት ጤና ጣቢያ የሚሠራ ሐኪም ባዶ እጁን እንዳይቀር «ሊሆን ይችላል» የሚል ሁለተኛ ደረጃ አስቀምጡ። የባራኒ መስፈርት በዚህ ደረጃ የመስማት ምርመራን አያስገድድም፤ ጊዜውንም እስከ 24 ሰዓት ያሰፋዋል።

ረቂቁ ሲያልቅ ሁለት ሐኪሞች ሳይነጋገሩ ያንኑ ታካሚ በረቂቁ ይመርምሩ። የተለያዩበትን መስመር እንደገና ጻፉት፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሐኪሞቹ ሳይሆን የቃሉ ነው። «በሌላ በሽታ የማይገለጽ» የሚለውንም የመስፈርቱን የመጨረሻ መስመር ደፍናችሁ አትለፉ፤ የትኞቹ በሽታዎች መወገድ እንዳለባቸው በስም ዘርዝሩ።