ከርቭ ሲታጠፍ ሰማዩ ላይ የሚወጣውን መስመር ያጠፋው ዘዴ

በፎቶሾፕ ከርቩን፣ ማለትም ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) ያሉትን የብርሃን ደረጃዎች የሚቀይረውን መስመር፣ ባለሁለት ጉብታ አድርጎ (0 ወደ 0፣ 64 ወደ 255፣ 128 ወደ 0፣ 192 ወደ 255፣ 255 ወደ 0) ተራ ፎቶን ሕልም ማስመሰል ቀላል ነው። ያስቸገረው ሰማዩ ነው፤ ልስልሱ ሰማያዊ እንደ እርከን እርሻ ይቆራረጣል።

ጄፔግ 8 ቢት ስለሆነ በአንድ የቀለም ቻናል 256 ደረጃ ብቻ አለው። ይህ ከርቭ ደግሞ ጎረቤት ደረጃዎችን በአማካይ 4 እጥፍ ያራርቃቸዋል፤ ክፍተቱን የሚሞላ የለም። ፋይሉን ወደ 16 ቢት መቀየር ብቻውን አይፈይድም፤ ያልተቀዳ ደረጃ ከየት ይመጣል?

መፍትሔው ከራው (ካሜራው ሳያቀናብር ካስቀመጠው ጥሬ ፋይል) መነሳት ሆነ። 14 ቢት ራው እስከ 16,384 ደረጃ ይይዛል። ካሜራ ራው (የፎቶሾፕ የራው መክፈቻ) ላይ 16 ቢት መርጦ መክፈት፣ ከርቩን በአድጀስትመንት ሌየር (ዋናውን ፎቶ ሳይነካ ከላይ በሚደረብ ማስተካከያ) መሥራት፣ ብሌንድ ሞዱን (ሌየሩ ከሥሩ ካለው ጋር የሚቀላቀልበትን ስልት) ሉሚኖሲቲ (ብርሃኑን ብቻ የሚቀይር) ማድረግ። ኖርማል ላይ ከተተወ ቀለሙም አብሮ ይገለበጣል (አንዳንዴ የሚፈለገው ግን እሱ ነው)።

ጄፔግ ብቻ ካለ፣ ወደ 16 ቢት ከተቀየረ በኋላ ሰማዩን ብቻ መርጦ ከከርቩ በታች ባለው ሌየር ላይ 5 ፒክስል ጋውሲያን ብለር (ማደብዘዣ)፣ ቀጥሎ 1% ሞኖክሮማቲክ ኖይዝ (ቀለም አልባ ደቃቅ ነጠብጣብ)። ብለሩ መካከለኛ ደረጃዎችን ይፈጥራል፣ ኖይዙ የቀረውን ጠርዝ ይበትናል። ውጤቱ በ100% ዙም ይታይ፤ አሳንሰው ሲያዩት የሌለ መስመር ሊታይ ይችላል።