የካትውማንን የኮሚክ ጥራዞች ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰሊና ካይል ሌባ ናት። በሌሊት ካዝና ከፍታ የሀብታም ሐብል ይዛ ትሰወራለች፤ በነጋታው ደግሞ ፖሊስ ዞር ብሎ ለማያያቸው የሰፈሯ ሴቶች ስትል ነፍሷን አደጋ ላይ ትጥላለች። ካትውማን በሚለው ስሟ የምትታወቀው ይህች ሴት ከ1940 ጀምሮ ዲሲ ኮሚክስ በተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ገጾች ላይ አለች (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኮቿ መጀመሪያ በየወሩ በቀጫጭን እትሞች ይወጣሉ፤ ኋላ አምስቱ፣ አሥሩ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጡት ተሰብስበው በአንድ ጥራዝ ይታተማሉ። አዲስ አንባቢ ውሉ የሚጠፋበት እዚህ ላይ ነው። ከሰማንያ ዓመት በላይ ብዙ ደራሲዎች የየራሳቸውን ሰሊና ጽፈዋል፤ መደርደሪያው ላይ ሲታዩ ግን ጥራዞቹ ሁሉ የአንድ ረጅም ታሪክ ክፍሎች ይመስላሉ። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚሁ ነው።

«ቁጥር 1» የሚል ሽፋን አይቶ መጀመሪያው ይህ ነው ማለት

በራሷ ስም በወጡት ተከታታዮች ቁጥር 1 የሚል እትም አምስት ጊዜ ወጥቷል። በ1989 የወጣው አራት እትም ብቻ ያለው አጭር ታሪክ ነው። በ1993 የተጀመረው በ2001 ቁጥር 94 ላይ ቆመ። በ2002 የተጀመረው በ2008 ቁጥር 82 ላይ ተቋጨ፤ በ2010 ለአንድ ጊዜ ብቻ ቁጥር 83 ታከለበት። ከ2011 እስከ 2016 የወጣው 52 እትሞች አሉት። አምስተኛው በ2018 ተጀመረ። ስለዚህ «ካትውማን ቁጥር 12» ቢባል የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ሲመዘግቡም ሲገዙም ዓመቱን ከቁጥሩ ጋር ይያዙ፤ «ካትውማን 2002፣ ቁጥር 12» ብለው።

የ1993ቱ ተከታታይ በቁጥሩ ብቻ ሌላ ግራ መጋባት ያመጣል። ቁጥር 0 አለው፤ እሱም በ1994 ከቁጥር 14 በኋላ የወጣ ነው። ቁጥር 1,000,000 የሚል እትምም በ1998 ወጥቷል። ሁለቱም የማተሚያ ስህተት አይደሉም፤ አሳታሚው በተከታታዮቹ ላይ በየጊዜው ያካሄዳቸው ዘመቻዎች ውጤት ናቸው።

ከ1940 ልጀምር ማለትም ያደክማል። የዚያ ዘመን ታሪኮች አጫጭር ናቸው፤ ዋና ገጸ ባሕርያቸውም ባትማን ነው፤ እሷ ብቅ ብላ ትጠፋለች። ለመጀመሪያ ንባብ የምንመክረው የ2002ቱን ተከታታይ ነው። ኤድ ብሩቤከር ከቁጥር 1 እስከ 37 ድረስ ስለጻፈው ድምፁ አይበጣጠስም፤ ሰሊናም ባትማን በሚኖርባት በጎተም ከተማ፣ ኢስት ኤንድ በሚባለው ድሃ ሰፈር አዲስ ኑሮ ስትጀምር ስለሚያሳይ አንባቢው ከእሷ እኩል ይነሣል።

አንዱን ታሪክ ሁለት ጊዜ መግዛት

ይህ ኪስ የሚጎዳ ስህተት ነው። ያው ታሪክ በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ርዕስና ሽፋን እንደገና ይጠረዛል። የ2002ቱ ተከታታይ የመጀመሪያ አራት እትሞች በዚያው ዓመት «ዘ ዳርክ ኤንድ ኦፍ ዘ ስትሪት» በሚል ጥራዝ ወጡ። በ2012 ደግሞ «ትሬል ኦፍ ዘ ካትውማን» የሚል ወፍራም ጥራዝ መጣ፤ እነዚያኑ አራት እትሞች ይዞ እስከ ቁጥር 9 ይደርሳል። ሽፋኑን ብቻ ያየ ሰው ሁለት የተለያዩ መጻሕፍት ይመስሉታል።

መፍትሔው የመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጾች ላይ አለ። የአሳታሚው ስምና የቅጂ መብት ማስታወቂያ የሰፈረበትን ገጽ ይክፈቱ። ፊደሎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ግን በውስጡ የተሰበሰቡት እትሞች ከየትኛው ተከታታይ እንደመጡና ቁጥራቸው ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ እዚያ ተጽፎ ያገኛሉ። ያንን መስመር ገልብጠው በአንድ ወረቀት ላይ ያኑሩ። ሌላ ጥራዝ ከመግዛትዎ በፊት የእሱን መስመር ከወረቀቱ ጋር ያስተያዩ። ጀርባው ላይ ያለው «ቅጽ 1» ወይም «ቅጽ 2» የጥራዙ ተራ እንጂ የእትሙ ቁጥር አይደለም፤ አሳታሚው እንደገና በጠረዘ ቁጥር ከ1 ሊጀምር ይችላል። ከበይነ መረብ የሚገዙ ከሆነ የሽፋኑን ሥዕል ትተው አይኤስቢኤን የተባለውን የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ያመሳክሩ፤ የጠንካራ ሽፋኑና የለስላሳ ሽፋኑ ቁጥር ይለያያል።

ዙሪያውን ያሉትን ታሪኮች መዝለል

የ2002ቱ ሰሊና ከቁጥር 1 በፊት ሁለት መግቢያዎች አሏት፤ ሁለቱም የወጡት ከወርሃዊው ተከታታይ ውጭ ነው። አንደኛው ዲቴክቲቭ ኮሚክስ በተባለው መጽሔት ከቁጥር 759 እስከ 762 በስተኋላ ገጾች ላይ የታተመ ነው፤ ስላም ብራድሊ የተባለ የግል መርማሪ ሞተች የተባለችውን ሰሊና ዱካ ይከተላል። (ብራድሊ ከባትማንም የሚቀድም ገጸ ባሕርይ ነው፤ በ1937 በዚያው መጽሔት ቁጥር 1 ላይ የወጣ።) ሁለተኛው ዳርዊን ኩክ ራሱ ጽፎ ራሱ የሣለው፣ የማፊያ ገንዘብ ስለጫነ ባቡር ዘረፋ የሚተርክ ግራፊክ ኖቭል ነው። ይህ መጽሐፍ በ2002 ለገበያ የቀረበው ወርሃዊው ተከታታይ ከተጀመረ በኋላ ቢሆንም ታሪኩ የሚፈጸመው ከዚያ በፊት ነው። በታተመበት ቀን ቅደም ተከተል የሚያነብ ሰው ያለቦታው ያስገባዋል። ሁለቱንም ያስቀድሙ፤ ከላይ የጠቀስነው የ2012 ጥራዝ ሁለቱንም ይዟል።

በሌሎች ዘመኖችም ይኸው ይደርሳል። ጄፍ ሎብና ቲም ሴል በ2004 የጀመሩት ባለስድስት እትም የሮም ታሪክ፣ ሰሊና በሌላ የባትማን ታሪክ መሐል ከጎተም የተሰወረችበትን ጊዜ የሚሞላ ነው፤ ያንን ያላነበበ ሰው የማፊያው አለቃ ፋልኮኒ ለእሷ ምኗ እንደሆነ ለምን እንደሚያስጨንቃት አይገባውም። የ2018ቱ ቁጥር 1 ደግሞ ለገበያ የወጣው ከባትማን ቁጥር 50 ጋር በአንድ ቀን ነው። ሰሊና ከባትማን ጋር ሊፈጸም ከነበረው ሠርጓ የቀረችው በዚያኛው እትም ላይ ነው። በራሷ ተከታታይ የምናያት ከከተማው ከራቀች በኋላ ስለሆነ ባትማን ቁጥር 50ን አስቀድሞ ማንበብ ያሻል።

«እውነተኛው» አስተዳደጓ የትኛው ነው ብሎ መጨነቅ

አንባቢን የሚያደክም፣ አንዳንዱን ጭራሽ የሚያስኮርፍ ጉዳይ ይህ ነው። በ1940 ቢል ፊንገርና ቦብ ኬን ሲፈጥሯት ታሪክ አልሰጧትም፤ «ድመቷ» የምትባል፣ አሮጊት መስላ የመዝናኛ ጀልባ ላይ ሐብል የምትሰርቅ ሴት ነበረች። ጭምብል እንኳ አልነበራትም። በ1950 ደግሞ የአውሮፕላን አስተናጋጅ ነበርኩ፣ በአደጋ ትዝታዬን አጣሁ፣ ሌባ የሆንኩት ከዚያ በኋላ ነው አለች። በ1983 የወጣ ታሪክ ይህንን አፈረሰው፤ የጠፋው ትዝታ ራሷ የፈጠረችው ሰበብ እንደነበረ፣ እውነቱ ግን ከሚደበድባት ባሏ ሸሽታ የራሷን ጌጣጌጥ ከካዝናው ሰርቃ ማስመለሷ እንደሆነ ተናገረች። በ1987 ፍራንክ ሚለርና ዴቪድ ማዙኬሊ ባትማንን ከሥሩ ሲጽፉት በኢስት ኤንድ በሴተኛ አዳሪነት የምትኖር ሴት አደረጓት። በ1994 በዚያ በቁጥር 0 እትም እናት አባቷን ያጣች፣ በማሳደጊያ ያለፈች ልጅ ሆነች።

እነዚህን ሁሉ አስታርቆ አንድ የሕይወት ታሪክ ማውጣት አይቻልም። ምክንያቱም የሚታወቅ ነው፤ አሳታሚው በ1985 እና 1986 መካከል የገጸ ባሕርያቱን ዓለም እንዳለ አፍርሶ እንደ አዲስ ጀምሯል፤ በ2011ም ደግሞታል። ከመጀመሪያው መፍረስ በፊት ደግሞ ሁለት ዓለሞች ጎን ለጎን ይጻፉ ነበር። በአንደኛው ባትማንን አግብታ ሄሌና የምትባል ልጅ ወልዳለች፤ ልጅቷ በ1977 በራሷ ጭምብል ብቅ ብላለች። በሌላኛው ግን ከዚህ አንዱም አልሆነም።

ምሳሌ ቢያስፈልግ የሰሊና ጓደኛ ሆሊ ሮቢንሰን አለች። በ1988 በወጣ አንድ ታሪክ ተገድላለች፤ በ2002ቱ ተከታታይ ግን ከሰሊና ጎን ቆማ እናገኛታለን። ሁለቱን ለማገናኘት ሌሊት ሙሉ ቢያነቡ የሚገኝ ነገር የለም። የያዙት ጥራዝ ደራሲ ያመነበትን አስተዳደግ ይቀበሉ፤ ሌላ ደራሲ ሲመጣ የሱን ይቀበሉ። ድህነት፣ በጉልበተኛ እጅ መውደቅ፣ የተነጠቀን መልሶ መንጠቅ፤ እነዚህ በብዙዎቹ ውስጥ ይመላለሳሉ። ደራሲዎቹን የሚያገናኛቸው ይህ ነው።

ፍርድ ለመስጠት ማንበብ

«ጥሩ ናት ወይስ መጥፎ?» እያሉ የሚያነቡ ሰዎች የታሪኩን ሥራ ያመልጣቸዋል። የመጀመሪያው ታሪክ ራሱ ጥያቄውን ክፍት ትቶታል፤ ባትማን ሆን ብሎ ረዳቱን ሮቢንን አደናቅፎ እንድታመልጥ ያደርጋታል። በ1954 የወጣው የኮሚክስ መተዳደሪያ ደንብ ወንጀለኛን አንባቢ እንዲራራለት አድርጎ ማቅረብን ከለከለ። ካትውማንም ከዚያ ዓመት በኋላ እስከ 1966 ድረስ ከገጾቹ ጠፋች። ሌብነቷን ከአዘኔታ መለየት የማይቻል ገጸ ባሕርይ ለዚያ ደንብ አትመችም ነበር።

በብሩቤከር እጅ ጉዳዩ ይከብዳል። ከቁጥር 12 እስከ 16 ያለውን ይመልከቱ። ሰሊና ከወንጀለኞች የሰረቀችውን ሀብት ለሰፈሯ ታውላለች፤ አንባቢውም ደስ ይለዋል። ዋጋውን የሚከፍሉት ግን እህቷ ማጊና የማጊ ባል ሳይመን ናቸው። ብላክ ማስክ የተባለው የወንበዴዎች አለቃ ይይዛቸዋል፤ ሳይመን ይሞታል፣ የማጊም አእምሮ ይናወጣል። በ2006፣ በቁጥር 52፣ ሰሊና ብላክ ማስክን ተኩሳ ትገድላለች። ይህንን እትም ብቻውን ያነበበ ሰው በቀል ይለዋል፤ ከቁጥር 12 ጀምሮ የመጣ ሰው ግን ሳይመንን እያሰበ ያነበዋል።

ከዚያ በፊት በቁጥር 50 ዛታና የተባለችው አስማተኛ ከዓመታት በፊት አእምሮሽን ነካክቼ ወደ በጎ አዘንብዬሻለሁ ብላ ትናዘዛለች። ፍርድ ፈላጊው «እንግዲያው ደግነቷ ውሸት ነበር» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። ደራሲው ዊል ፋይፈር ግን ጥርጣሬውን ከሰሊና ላይ አያነሣም፤ የትኛው የእኔ ነው የሚለውን ይዛ ትቀጥላለች። እኛም ይዘን መቀጠል አለብን። እያነበቡ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የተዘረፈው ማን ነው? የተሰረቀው ነገር የት ገባ? ዋጋውን የከፈለውስ ማን ነው? የሦስቱ መልስ ብዙውን ጊዜ አንድ ወገን አይይዝም፤ ንባቡን የሚያጣፍጠውም እሱ ነው።

ጽሑፉን ብቻ አንብቦ ማለፍ

ስርቆት በዝምታ የሚሠራ ነው፤ ስለዚህ በጥሩ ሠዓሊ እጅ የዘረፋ ገጾች ላይ የንግግር አረፋ ይቀንሳል። ዓይን ከአረፋ ወደ አረፋ ሲዘል እንዲህ ያለው ገጽ በሦስት ሰከንድ ያልቃል፤ ግማሹ ታሪክ ግን እዚያ ነው። ገጹ የተከፈለባቸውን የሥዕል ሣጥኖች አንድ በአንድ ይከተሉ፤ እጇ የት ነው፣ መውጫው በየት በኩል ነው፣ መብራቱ ከየት ይመጣል?

ልብሷም ይናገራል። በ1990ዎቹ ጂም ባለንት ከቁጥር 1 እስከ 77 ሲሥላት ሐምራዊ ጥብቅ ልብስ፣ ረጅም ፀጉርና እስከ ጭን የሚደርስ ቦት ጫማ ነበራት። በ2002 ዳርዊን ኩክ ጥቁር ቆዳ አለበሳት፤ ፀጉሯን አሳጠረ፣ ጫማዋን ተረከዝ የሌለው አደረገ፣ ዓይኗ ላይ መነጽር ጫነባት። አዲሱ ልብስ ጣሪያ ላይ ለመሮጥ የሚያገለግል የሥራ ልብስ ነው፤ ሁለቱን ጥራዞች ጎን ለጎን ቢዘረጉ ደራሲዎቹ እሷን እንዴት እንደሚያዩዋት ሳያነቡ ይረዱታል። ኩክ የሣለው እስከ ቁጥር 4 ብቻ መሆኑንም ይወቁ፤ ቁጥር 5 ላይ ሥዕሉ ሲለወጥ ደንግጠው አያቁሙ፤ ደራሲው ያው ብሩቤከር ነው።

በስልክ የሚያነቡ ከሆነ ሣጥን እየነጠለ የሚያሳየውን አሠራር ያጥፉት። ሁለት ገጽ የሞላ ሥዕል እየተቆራረጠ ይቀርባል። ሰፋ ያለ ታብሌት አግድም ማዞር ይሻላል።

ለልጆች ነው ብሎ መስጠት

ድመትና ጭምብል ስላለበት የልጆች የሚመስለው ሰው አለ። ከላይ የጠቀስነው የብላክ ማስክ ታሪክ ማሰቃየት አለበት፤ የ2011ቱ ተከታታይም ለትንንሽ ልጆች አይሆንም። አስቀድመው ራስዎ ያንብቡት።

ወፍራሙን ጥራዝ በአንድ ጊዜ መገንጠል

ኦምኒበስ የሚባሉት ግዙፍ ጥራዞች ከመሐላቸው በኃይል ሲከፈቱ ጀርባቸው ይሰነጠቃል። አዲስ ሲሆን ጀርባውን ጠረጴዛ ላይ ያቁሙ፤ ሁለቱን ሽፋኖች ግራና ቀኝ ያስተኙ፤ ከፊት ጥቂት ገጽ፣ ከኋላ ጥቂት ገጽ እያፈራረቁ በለስላሳው እየተጫኑ ወደ መሐል ይድረሱ። ያገለገለ መጽሐፍ ሲገዙ ደግሞ መሐሉን ከፍተው ሙጫው መልቀቅ አለመልቀቁን ይፈትሹ፤ አንድ ገጽ ላልቶ ካገኙ ሌሎቹም ተራቸውን እየጠበቁ ነው።

የመጨረሻውን መጀመሪያ ማንበብ

በ2021 እና 2022 በአራት እትም የወጣው የክሊፍ ቺያንግ ታሪክ ለብቻው የቆመ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ለጀማሪ ይመከራል። ቺያንግ ጽፎታል፣ ሥሎታል፣ ቀለም ቀብቶታል፣ ፊደሉንም የጻፈው እሱ ነው። ማንም አንብቦ ይረዳዋል። ግን ሰሊና እዚያ 55 ዓመቷ ነው፤ አሥር ዓመት ታስራ ወጥታ ወደማታውቀው ጎተም ትመለሳለች፤ ለመጨረሻ ስርቆቷም የድሮ ሰዎችን ትሰበስባለች። የሰዎቹን ፊት ቀድሞ ያየ አንባቢ በየገጹ ላይ የሚያገኘው ሌላ ነው። ቢያንስ የብሩቤከርን 37 እትሞች እስኪጨርሱ መደርደሪያ ላይ ያቆዩት።