«በጉግል ግባ»ን በጃቫ ድረ ገጽ ላይ ስትጨምሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጣና ዳር ላለ ሎጅ፣ ወደ ዘጌ ገዳማት ለሚያመላልስ ጀልባ ወይም ለአስጎብኚዎች ማኅበር ድረ ገጽ ስትሠሩ፣ ደንበኛው ቶሎ ከሚጠይቃችሁ ነገር አንዱ «ሰው የይለፍ ቃል ሳያስታውስ በጉግል ወይም በፌስቡክ ይግባልኝ» የሚለው ነው። በስፕሪንግ ቡት (የጃቫ ድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ) ላይብረሪውን ጨምሮ፣ ጉግል ለድረ ገጻችሁ የሚሰጠውን የክላየንት መለያና ምስጢራዊ ቁልፍ ሞልቶ «በጉግል ግባ» የምትለዋን መጫኛ ገጹ ላይ ማሳየት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የስፕሪንግ የደኅንነት ክፍል የሆነው ስፕሪንግ ሴኪዩሪቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 5.0 ጀምሮ የኦአውዝ 2.0ን (በሌላ ድርጅት አካውንት ለመግባት የሚያገለግለውን ደንብ) ምልልስ ራሱ ይጨርሰዋል። ጣጣው የሚመጣው እናንተ በምትወስኑት በኩል ነው።

ኢሜይልን የሰው መለያ ማድረግ

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ሁሌም በቅን ልቦና መሠራቱ ነው። በጉግል የገባን ሰው ስም ስትጠይቁ ስፕሪንግ የሚመልስላችሁ ረጅም ቁጥር ነው። ጀማሪው ይህን ያይና ተበላሽቷል ብሎ የዩዘር ኔም አትሪቢዩቱን (ስሙ ከየትኛው መረጃ እንደሚወሰድ የሚወስነውን ቅንብር) ወደ ኢሜይል ይቀይረዋል። አትቀይሩት! ያ ቁጥር «ሰብ» የሚባለው ነው፤ ጉግል ለእያንዳንዱ አካውንት የሚሰጠው፣ የማይቀየርና ለሌላ ሰው የማይተላለፍ መለያ። ኢሜይል ግን ይቀየራል፣ ይወረሳልም። የሎጁ እንግዳ ተቀባይ በሎጁ ዶሜን በተከፈተ የቦታ ማስያዣ ኢሜይል ስትሠራ ቆይታ ትለቃለች። አስተዳዳሪው አካውንቷን ይሰርዝና ያንኑ አድራሻ ለአዲሷ ተቀጣሪ ይከፍታል። መለያችሁ ኢሜይል ከሆነ አዲሷ ልጅ በመጀመሪያ ቀኗ የቀድሞዋን ሥልጣን፣ መልእክትና የክፍያ ታሪክ ይዛ ትገባለች።

ሌላው መልኩ ይብሳል። ድረ ገጻችሁ በይለፍ ቃልም መመዝገብ ይፈቅዳል እንበል፤ ኢሜይሉ የተመዝጋቢው መሆኑን ግን አያረጋግጥም። አንድ ተንኮለኛ በጀልባው ባለቤት ኢሜይል ቀድሞ ይመዘገብና የራሱን የይለፍ ቃል ያስቀምጣል። ከጊዜ በኋላ እውነተኛው ባለቤት በጉግል ሲመጣ ኮዳችሁ «ይህ ኢሜይል አለ» ብሎ ሁለቱን ያዋህዳቸዋል። ከዚያ ወዲያ አንዱ አካውንት ሁለት ጌታ አለው፤ የተንኮለኛው የይለፍ ቃል አሁንም ይሠራልና።

መፍትሔው ዳታቤዙ ላይ አንድ ተጨማሪ ቴብል ነው። በተጠቃሚዎች ቴብል ላይ የራሳችሁን መለያ ብቻ ቁልፍ አድርጉ። በሁለተኛው ቴብል የአቅራቢውን (የጉግልን ወይም የፌስቡክን) ስም፣ «ሰብ»ን እና የተጠቃሚውን መለያ አስቀምጡ፤ አቅራቢውና «ሰብ» አንድ ላይ እንዳይደገሙ ዩኒክ አድርጓቸው። የ«ሰብ» ኮለም (ዓምድ) 255 ፊደል የሚይዝ ጽሑፍ ይሁን። ቁጥር ስለሚመስል ብቻ ሎንግ በሚባለው የቁጥር ዓይነት ማስቀመጥ አይሆንም፤ የጉግሉ ብዙውን ጊዜ 21 አኃዝ ነው፣ የጃቫ ሎንግ ከ19 አኃዝ አያልፍም። ነባር አካውንትን ከጉግል ጋር ማያያዝ ካስፈለገ ሰውየው መጀመሪያ በነባሩ መንገድ ይግባ፣ ከዚያ ከውስጥ «ጉግልን አያይዝ» ይበል። በኢሜይል ብቻ ማያያዝ የግድ ከሆነባችሁ ኢሜይሉ በሁለቱም ወገን የተረጋገጠ መሆን አለበት፤ በጉግል በኩል «ኢሜይል ቬሪፋይድ» የሚለውን ማየት ነው።

የራስን ዩዘር ሰርቪስ በተሳሳተ ቦታ መሰካት

ሰው ሲገባ ቴብሉን የሚሞላውን ኮድ (ዩዘር ሰርቪሱን) ትጽፋላችሁ፣ በፌስቡክ ሲገባ ይሠራል፣ በጉግል ሲገባ ጭራሽ አይጠራም። ምክንያቱ ይህ ነው፦ በስፕሪንግ ነባር ቅንብር ጉግል «ኦፕንአይዲ» የሚለውን ስኮፕ (የፈቃድ ዓይነት) ስለሚጠይቅ በኦፕንአይዲ ኮኔክት (ኦአይዲሲ፣ በኦአውዝ ላይ የተሠራ የመግቢያ ደንብ) መንገድ ያልፋል፤ ፌስቡክ በተራው የኦአውዝ መንገድ። ስፕሪንግ ለሁለቱ የተለያየ ሰርቪስ ስላለው «ዩዘር ሰርቪስ» እና «ኦአይዲሲ ዩዘር ሰርቪስ» የሚሉትን ሁለቱንም ሙሉ፤ የጋራውን ሥራ ወደ አንድ ክላስ አውጡት።

የመመለሻ አድራሻው በአንዲት ፊደል መለየት

ጉግል የመመለሻውን አድራሻ (ሰውየውን ወደ ድረ ገጻችሁ መልሶ የሚልክበትን) ከተመዘገበው ጋር ፊደል በፊደል ያስተያያል። ኤችቲቲፒና ኤችቲቲፒኤስ፣ ሦስቱ ደብልዩ መኖር አለመኖራቸው፣ የፖርት ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ የቀረች አንዲት ስላሽ፦ አንዱ ከተለየ «ስህተት 400፦ ሪዳይሬክት ዩአርአይ ሚስማች» ይላችኋል። ላፕቶፕ ላይ የሠራው ሰርቨር ላይ ሲወድቅ መጀመሪያ ፕሮክሲውን (ከአፕሊኬሽኑ ፊት ቆሞ ጥያቄ የሚያስተላልፈውን፣ ለምሳሌ ኤንጂንኤክስን) ጠርጥሩ። ኤንጂንኤክስ ኤችቲቲፒኤሱን ከፊት ተቀብሎ ወደ ፖርት 8080 በተራ ኤችቲቲፒ ያስተላልፋል፤ አፕሊኬሽኑም ያየውን አምኖ የመመለሻ አድራሻውን በኤችቲቲፒ ይሠራል። ኤንጂንኤክስ የመጀመሪያውን ፕሮቶኮልና ሆስት በ«ኤክስ ፎርዋርድድ» ሄደሮች (ከጥያቄው ጋር በሚሄዱ መግለጫዎች) እንዲልክ አድርጉ፤ በስፕሪንግ ቡት በኩል «ፎርዋርድ ሄደርስ ስትራቴጂ» የሚለውን «ፍሬምወርክ» በሉት። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ጉግል ላይ የኤችቲቲፒ አድራሻ መዝግቦ ማምለጥ አይቻልም፤ ከሎካልሆስት (ከራሳችሁ ኮምፒውተር) ውጭ አይቀበልም። እንደ 127.0.0.1 ካለው የራስ ኮምፒውተር አድራሻ በቀር በቁጥር የተጻፈ የአይፒ አድራሻም አይቀበልም፤ ስለዚህ ለደንበኛው በቢሮው ዋይፋይ በ192.168 በሚጀምር አድራሻ ላሳየው ብላችሁ ቀጠሮ አትያዙ።

ሰውየው ተመልሶ ሲመጣ ሴሽኑን ማጣት

ሎጉ ላይ «አውቶራይዜሽን ሪኩዌስት ኖት ፋውንድ» ካያችሁ፣ ስፕሪንግ ሰውየውን ወደ ጉግል ሲልክ በሴሽን (ሰርቨሩ ስለ ጎብኚው በሚይዘው ጊዜያዊ ማስታወሻ) ያስቀመጠውን ነገር ሲመለስ አላገኘውም ማለት ነው። በ127.0.0.1 ጀምራችሁ በሎካልሆስት ከተመለሳችሁ ኩኪው አይከተልም። የሴሽን ኩኪውን ሴምሳይት (ከሌላ ገጽ ሲመጣ ይላክ አይላክ የሚለውን ቅንብር) «ስትሪክት» ካላችሁትም ከጉግል ሲመለስ አይላክም፤ «ላክስ» ይበቃል። አፕሊኬሽኑ በሁለት ሰርቨር ላይ የሚሄድ ከሆነ ሴሽኑን በስፕሪንግ ሴሽንና በሬዲስ (ፈጣን የመረጃ ማስቀመጫ) የጋራ አድርጉት። «ስቴት» የሚባለውን ማመሳከሪያ አጥፍቶ ማለፍ ግን ፈጽሞ አይታሰብ፤ ሌላ ሰው በጀመረው ሎጊን ተጠቃሚያችሁ እንዳይገባ የሚከላከለው እሱ ነው።

የሰርቨሩ ሰዓት

በባሕር ዳር ቢሮ ውስጥ በተቀመጠ ሰርቨር ላይ ይህ የተለመደ ነው። መብራት ይጠፋል፣ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቷል፣ ማሽኑ ሲነሳ ሰዓቱ ሌላ ነው። ወይም አንድ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ያንኑ «2» ብሎ ይሞላዋል፤ ኮምፒውተሩ 8 ማለት ሲገባው 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ። ስፕሪንግ የአይዲ ቶክኑን (ጉግል የገባው ማን እንደሆነ የሚልክበትን ማስረጃ) ሰዓት ሲያመሳክር የሚታገሰው 60 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ፣ ገና ወደፊት የተሰጠ ቶክን መስሎት ይጥለዋል። ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚያስተካክለውን ክሮኒ የሚባል ፕሮግራም ጫኑ፤ የሰዓት ክልሉን አፍሪካ አዲስ አበባ አድርጉ፤ ሰዓት በእጅ አትሙሉ።

ከፌስቡክና ከቲክቶክ ውስጥ የሚከፈት ገጽ

የጀልባ ጉዞ የሚፈልገው ሰው ሊንኩን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከነዚህ አፖች ውስጥ ነው። ጉግል ደግሞ በዌብቪው (በአፑ ውስጥ በሚከፈት ብራውዘር) ውስጥ መግባትን ይከለክላል፤ «403፦ ዲስአላውድ ዩዘር ኤጀንት» የሚለው ይህ ነው። ኮዳችሁን አታምሱ። ዌብቪው መሆኑን ስታውቁ «በክሮም ክፈተው» የሚል ግልጽ ማሳሰቢያ አሳዩ።

የአያት ስምና ኢሜይል ግዴታ ማድረግ

እኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው፤ አንዳንዱ ጉግል ላይ አንድ ስም ብቻ ሞልቷል፣ «ፋሚሊ ኔም»ም ባዶ ይመጣል። በስልክ ቁጥር ፌስቡክ የከፈተ ሰው ደግሞ ኢሜይል ላይኖረው ይችላል። ኮለሞቹ ባዶነትን ይቀበሉ፤ ኢሜይል ካስፈለገ ከገባ በኋላ ጠይቁት። የማይኤስኪውኤል (የዳታቤዙ) ቴብል የፊደል አቀማመጥ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ይሁን፤ ላቲን1 በሚባለው ላይ የግዕዝ ፊደል ጥያቄ ምልክት ይሆናል።

የክላየንት ምስጢሩን ጊትሀብ ላይ መጫን

ጊትሀብ ኮድ የሚቀመጥበትና የሚጋራበት ድረ ገጽ ነው፤ ይህን ካደረጋችሁት ፋይሉን መሰረዝ አይበቃም፣ ታሪኩ ውስጥ ይኖራል፤ ቁልፉን ጉግል ላይ ሻሩና አዲስ አውጡ።

በቴስቲንግ ትቶ ማስረከብ

ጉግል በቴስቲንግ (በሙከራ ደረጃ) ላይ ላለ ፕሮጀክት የሚፈቅደው እስከ 100 የተመዘገቡ ሞካሪዎች ነው። ከማስረከባችሁ በፊት ወደ ፕሮዳክሽን (ለሁሉም ክፍት ወደሆነው ደረጃ) አሳልፉት።

የጋራ ኮምፒውተርን መርሳት

በሎጅ እንግዳ መቀበያ አንዱን ኮምፒውተር ሦስት ፈረቃ ይጠቀምበታል። ከእናንተ አፕ መውጣት ከጉግል መውጣት አይደለም፤ የማታው ተረኛ «በጉግል ግባ»ን ሲጫን ያለ ምንም ጥያቄ በቀኑ ተረኛ ስም ሊገባ ይችላል። የስፕሪንግ የኦአይዲሲ መውጫ ሃንድለርም እዚህ አይረዳም፣ ጉግል የሴሽን መዝጊያ አድራሻ አያወጣምና። ወደ ጉግል በሚላከው ጥያቄ ላይ «ፕሮምፕት» የሚለውን «ሴሌክት አካውንት» በሉት፤ ያኔ በየጊዜው የትኛው አካውንት እንደሆነ ይጠይቃል። አካውንቱ ከተመረጠ በኋላ የይለፍ ቃል ላይጠየቅ ስለሚችል፣ ለእያንዳንዱ ተረኛ የተለየ የክሮም ፕሮፋይል ወይም የተለየ የዊንዶውስ ተጠቃሚ እንዲከፈትለት ለሎጁ አስተዳዳሪ በጽሑፍ ስጡት።