ራም ጨምሬ ኮምፒውተሩ እምቢ አለ፦ ለአሮጌ ዴስክቶፕ ችግርና መፍትሄ

ለአሮጌ ዴስክቶፕ ራም (ኮምፒውተሩ ሲሰራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) መጨመር የጥቂት ደቂቃ ስራ ነው። ክዳኑን መክፈት፣ መሰካት፣ መዝጋት። አልሰራ ሲል ግን አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚፈርደው በአዲሱ ራም ላይ ነው፤ «ተበላሽቷል» ብሎ ይመልሰዋል። እኔ በነካካኋቸው ማሽኖች ራሙ ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘው ከስንት አንዴ ነው። ወይ በደንብ አልገባም፣ ወይ ከማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ ከሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ጋር አይስማማም፣ ወይ ደግሞ ራሙ ደህና ሆኖ ዊንዶውሱ ነው አላየው ያለው። ሶስቱን የሚለያቸው ማሽኑ የሚያሳየው ምልክት ስለሆነ ከምልክቱ እንነሳ።

ከመንካታችሁ በፊት ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ አጥፉት። ስራውን ይዞ በሚተኛበት ስሊፕ ወይም ሃይበርኔት ላይ እያለ ራም ከተቀየረ፣ ሲነሳ የድሮ ስራውን ልመልስ ብሎ ይደነባበራል። ዊንዶውስ 8 እና ከዚያ በኋላ የመጡት ፋስት ስታርትአፕ (ቶሎ የማስነሻው ዘዴ) ከበራባቸው ሻት ዳውን ሲባሉም የሚያደርጉት ከፊል ሃይበርኔት ነው፤ ሺፍትን ይዛችሁ ሻት ዳውን ካላችሁ ግን በትክክል ይጠፋሉ። ከዚያ ገመዱን ከሶኬቱ ንቀሉና የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑት። ማዘርቦርዱ ላይ ትንሽ መብራት ካለች እስክትጠፋ ጠብቁ። ራሙን ከመያዛችሁ በፊትም እጃችሁን ቀለም ያልተቀባ የኬዙን ብረት አስነኩ፤ ከሰውነታችሁ የሚወጣ የማይታይ ኤሌክትሪክ ቺፑን ሊጎዳው ይችላል።

ራሙ ስሎቱ (መሰኪያው) ውስጥ አልገባም

ትውልዱ የተለየ ነው፤ የራም ትውልዶች ዲዲአር፣ ዲዲአር2 እየተባሉ በቁጥር ይጠራሉ። ዲዲአር2 እና ዲዲአር3 ሁለቱም 240 ፒን ስላላቸው አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጡ መንታ ይመስላሉ፤ የሚለያያቸው ከስር ያለችው የተቆረጠች ክፍተት ቦታዋ ነው። የመጀመሪያው ዲዲአር 184፣ ዲዲአር4 ደግሞ 288 ፒን አለው። የሚፈልጉት ቮልትም አንድ አይደለም፦ ዲዲአር2 1.8፣ ዲዲአር3 1.5፣ ዲዲአር4 1.2። ክፍተቷ እንዳይሳሳቱ ተብላ የተሰራች ናትና አትታገሏት። ተለጣፊው ላይ ፒሲ2፣ ፒሲ3 ወይም ፒሲ4 የሚል ታገኛላችሁ፤ ከድሮው ራም ጋር አመሳክሩ። ካልገጠመ መፍትሄው ራሙን መቀየር ብቻ ነው።

ይበራል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው

ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ቀላል ነው። ራሙ እስከ መጨረሻው አልገባም። በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ስሎቱ ጠንካራ ስለሆነ በአውራ ጣት ሁለቱንም ጫፍ እኩል መጫን ይፈልጋል፤ የግራና የቀኙ ክሊፕ በራሱ ቀጭ ብሎ ካልተዘጋ አልገባም ማለት ነው። ክሊፑን በጣት መዝጋት ራሙን አያስገባውም። አዲሱን ስትሰኩ የድሮውን ገፋ አድርጋችሁት ሊሆንም ስለሚችል እሱንም ነቅላችሁ መልሱት።

ቀጥሎ ቆሻሻ። ለዓመታት ባዶ የቆየ ስሎት አቧራ ይሞላል፤ ያገለገለ ራምም ወርቃማ ጥርሶቹ ላይ ደብዛዛ ሽፋን ያበጃል። ጥርሶቹን በለስላሳ ላጲስ ቀስ ብላችሁ እሹና ፍርፋሪውን በደንብ አራግፉ፤ አይሶፕሮፒል አልኮል ካለ በእሱ ጥረጉና እስኪደርቅ ጠብቁ። ስሎቱን በደረቅ ብሩሽ ወይም በአየር ማፅጃ አፅዱት። በአፍ እፍ አትበሉት፤ ምራቅ ይገባል።

አሁንም ጥቁር ከሆነ፣ ከሁሉም የማምንበት ምርመራ ይሄ ነው፦ አንድ ራም፣ አንድ ስሎት። ሁሉንም አውጡና የድሮውን ብቻ መልሱ። ካነሳ አጥፉትና እዚያው ስሎት ላይ አዲሱን ብቻ አስገቡ። አዲሱ ብቻውን ካነሳ ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ያጣላቸው አብሮ መስራት ወይም ሁለተኛው ስሎት ነው። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር የቀየረ ሰው የትኛው እንደሰራለት አያውቅም፤ ስለዚህ በየሙከራው አንድ ነገር ብቻ። ማዘርቦርዱ ትንሽዬ ስፒከር ካለው ደግሞ ራም ሁሉ ወጥቶ አብሩት። ቢፕ ቢፕ ካለ ቦርዱና ፕሮሰሰሩ በህይወት አሉ፣ «ራሜ የታል?» እያለ ነው። የቢፑ ቁጥር ትርጉም እንደ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ሰሪ ስለሚለያይ የማዘርቦርዱን ማኑዋል እዩ። ዝም ካለ ችግሩን ከራም ውጪ ፈልጉት።

ባዮሱ የድሮውን ራም ቅንብር ይዞ ሙጭጭ የሚልበት ጊዜም አለ። ገመዱ ተነቅሎ እያለ ሲአር2032 የምትባለውን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥታችሁ መልሱ፣ ወይም ሲሞስ (የባዮሱ ቅንብር የሚቀመጥበትን) ማጥፊያውን ጃምፐር (ሁለት ፒን የሚያገናኝ ትንሽ ቁራጭ) ተጠቀሙ። ሰዓቱና ቀኑ ይጠፋሉ፤ አስተካክሉት። በመጀመሪያው መነሳት «የሜሞሪው መጠን ተቀይሯል፣ ኤፍ1 ተጫን» የሚል ፅሁፍ ከመጣ ብልሽት አይደለም፤ ቆጥሬዋለሁ ማለቱ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የድሮው ራም ሲሰራ አዲሱ ብቻውን ካላነሳ አለመስማማት ነው። ሶስት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው የሰርቨር ራም ነው። ሬጅስተርድ የሚባለው የዲዲአር3 ራም ተራው ዴስክቶፕ ስሎት ውስጥ በትክክል ይገባል፣ ግን አይሰራም። ቺፖቹን ቁጠሩ፦ ተራ ራም በአብዛኛው በአንድ ጎን 8 አለው፤ 9 ካለው ኢሲሲ (ስህተት የሚያርም ራም) ነው፣ ከዚያ ላይ መሃሉ ላይ መልኩ የተለየ ቺፕ ካለ ሬጅስተርድ ነው። ሁለተኛው፣ በኤኤምዲ ማዘርቦርድ ላይ ብቻ የሚሰሩት ባለ 4 ጊጋባይት ዲዲአር2 ራሞች ናቸው፤ ኢንቴል ላይ ሞተው ይታያሉ።

ሶስተኛው የቺፕ ጥግግት ሲሆን ብዙ ሰው የሚሸወደው በእሱ ነው። ኢንቴል ጂ41 ቺፕሴት (የቦርዱን ክፍሎች የሚያገናኝ ዋና ቺፕ) ያለው ቦርድ እስከ 8 ጊጋባይት ይቀበላል፤ ነገር ግን ባለ 4 ጊጋባይት ዲዲአር3 ራም ስትሰጡት 16 ቺፕ ያለውን ተቀብሎ 8 ቺፕ ያለውን ይመልሳል፤ በእያንዳንዱ የራም ቺፕ ውስጥ ቦርዱ ከሚችለው በላይ ታጭቋልና። መጠኑም ዓይነቱም ልክ ሆኖ ሳለ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው፤ ሁለቱም ጎን ላይ ቺፕ ያለውን ፈልጉ። የቆየው ጂ31 ከ4 ጊጋባይት አያልፍም። ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ትውልድ ኮር ፕሮሰሰሮች ደግሞ በአንድ ስሎት ከ8 ጊጋባይት በላይ አይቀበሉም፤ ባለ 16 የዲዲአር3 ራም እዚያ ዋጋ የለውም።

ተነስቷል፣ ግን የጨመርኩት ሁሉ አይታይም

መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ስንት እንደሚል እዩ። ባዮሱ ሙሉውን ካየ ሃርድዌሩ ስራውን ጨርሷል፤ ጥፋቱ የዊንዶውስ ነው። ባዮሱም ካላየው ወደ ስሎቱ ተመለሱ።

4 ጊጋባይት አስገብታችሁ 3 ወይም 3.5 አካባቢ ከታየ ዊንዶውሱ 32 ቢት ነው። 32 ቢት የቤት ቁጥር እንደመስጠት ቁጠሩት፦ ያሉት ቁጥሮች በጠቅላላ 4 ጊጋባይት ያህል ናቸው፣ ከነሱ ላይ ደግሞ ግራፊክስ ካርዱና ሌሎቹ ክፍሎች የራሳቸውን ይወስዳሉ። ቁጥር ያልደረሰው ራም ተሰክቶም የለም። መፍትሄው 64 ቢት መጫን ነው፤ ከ32 ወደ 64 በማሻሻያ ስለማይታለፍ ፋይላችሁን ገልብጣችሁ እንደ አዲስ መጫን ግድ ነው። ኮር 2 እና ከዚያ በኋላ የመጡት የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች 64 ቢት ይችላሉ።

64 ቢት ሆኖም ከጎደለ፣ ባዮስ ውስጥ ሜሞሪ ሪማፕ (ቁጥር ላልደረሰው ራም ሌላ ቁጥር የሚሰጥ) የሚል ምርጫ ካለ አብሩት። ዊንዶውስ 7 ላይ እትሙንም እዩ፤ ሆም ቤዚክ ከ8፣ ሆም ፕሪሚየም ከ16 ጊጋባይት አያልፍም። ከዚያ ኤምኤስኮንፊግ የሚባለውን የዊንዶውስ ማስነሻ ቅንብር ከፍታችሁ ቡት በሚለው ስር አድቫንስድ ውስጥ ማክሲመም ሜሞሪ ላይ ምልክት ካለ አንሱት። እኔ አንድ ሙሉ ምሽት ራም ስነቅልና ስሰካ አምሽቼ፣ በመጨረሻ ያገኘሁት ራሴው «ያፈጥናል» ሲባል ሰምቼ ያደረግኩትን ይህንኑ ምልክት ነው። ጥቂት መቶ ሜጋባይት ብቻ ከጎደለ ግን አትጨነቁ፤ ቦርዱ ላይ ያለው ግራፊክስ ተበድሮት ነው።

ባዮሱ ልክ ግማሹን ብቻ ካየና ራሞቹ ለየብቻ ደህና ከሆኑ፣ ፕሮሰሰሩን አንስታችሁ የሶኬቱን ፒኖች በብርሃን እዩ። አንዲት የተጣመመች ፒን አንድ ሙሉ ቻናል (ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኝበትን መስመር) ልታጠፋ ትችላለች። የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ባንድ በኩል ከልክ በላይ ሲጠብቅም ተመሳሳይ ነገር ሊከሰት ይችላል።

ይሰራል፣ ግን ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል ወይም በራሱ ሪስታርት ያደርጋል

እዚህ በግምት አትሂዱ። ራም የሚፈትነውን ሜምቴስት86 ፕላስ የተባለ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ከእሱ አስነሱና ሌሊቱን ሙሉ ተዉት። አንዲት ስህተት እንኳ ከታየች አላለፈም፤ «ትንሽ ናት» የሚባል ነገር የለም። ስህተት ከመጣ ራሞቹን ለየብቻ እዚያው ስሎት ላይ ፈትኗቸው። ስህተቱ ራሙን ከተከተለ ራሙ ነው፤ የትኛውም ራም እዚያ ስሎት ላይ ሲገባ ብቻ ከመጣ ስሎቱ ነው። ለየብቻ አልፈው አብረው ከወደቁ ደግሞ ባዮስ ውስጥ ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉት። አንዳንድ ፈጣን የዲዲአር2 ራሞች 2.1 ቮልት ይፈልጋሉ፤ በ1.8 ይነሱና ስራ ሲበዛ ይወድቃሉ። የሚፈልጉት ቮልት ተለጣፊያቸው ላይ ተፅፏል።

1600 ገዝቼ 800 ይላል

ትክክል ነው። ዲዲአር በአንድ ምት ሁለት ጊዜ ስለሚያስተላልፍ አንዳንድ ፕሮግራሞች ግማሹን ያሳያሉ። 1333 ወይም 667 ካላችሁ ደግሞ አብሮት ያለው የድሮው ራም ዘገምተኛ ነው፣ ወይም ቦርዱ ከዚያ አያልፍም፤ ሁሉም በቀርፋፋው ልክ ይሄዳሉ። ተለጣፊው ላይ ከፒሲ3 ቀጥሎ ያለውን ትልቅ ቁጥር ለ8 ብታካፍሉት ፍጥነቱን ታገኛላችሁ፦ 12800 ሲካፈል 1600።

ሁሉም ልክ ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን ያው ቀርፋፋ ነው

የዘወትር ስራችሁን ከፍታችሁ ታስክ ማናጀር ላይ የራሙን አጠቃቀም እዩ። ግማሹ ባዶ ከሆነና ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ከቆመ፣ ያነቀው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። የጨመራችሁትን ራም ተዉት፣ ቀጣዩን ገንዘብ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ላይ አውሉት።