ቤተሰብ ይዞ ጎልድ ኮስት፦ ባሕሩን፣ መዝናኛ ፓርኮቹንና ደኑን በአንድ ጉዞ እንዴት ማየት ይቻላል

ጎልድ ኮስት በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ግዛት፣ ከብሪስቤን በስተደቡብ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ርቆ የሚገኝ ከተማ ነው። በምሥራቅ ሰላማዊ ውቅያኖስ፣ በምዕራብ ደን የለበሰ ተራራ አለው። ጠዋት አሸዋ ላይ ሲጫወት የነበረ ልጅ ከሰዓት በኋላ ፏፏቴ ሥር ሊቆም ይችላል። ሜልቦርን ላለ ቤተሰብ የሁለት ሰዓት ገደማ በረራ ነው። ሳያቅዱ ከሄዱ ግን ገንዘቡም ጉልበቱም መዝናኛ ፓርክ ላይ ያልቅና ደኑ ሳይታይ ይቀራል። ይህ ያሳዝናል፤ ለእኔ የጉዞው ምርጥ ክፍል ደኑ ነውና።

1. ወቅቱን ምረጡ

እዚያ በጋው ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ነው። ሙቀቱ ከወበቅ ጋር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና ዶፍ ዝናብ ሊመጣ ይችላል። ዋጋውም ይንራል። አንድ መልካም ነገር አለው፦ የእኛ ገና፣ ጃንዋሪ 7፣ የሚውለው ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሰሞን ነው። ልጆች ከክፍል ሳይቀሩ በዓሉን ባሕር ዳር ማክበር ትችላላችሁ። እንዲህ ካሰባችሁ ማደሪያውን ከወራት በፊት ያዙ።

ከጁን እስከ ኦገስት ክረምት ይባላል እንጂ ቀኑ 21 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ሰማዩም አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ለመዋኘት ውሃው ቀዝቀዝ ይላል። በዚያ ወቅት ደግሞ ሃምፕባክ የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች በባሕሩ ዳር ስለሚያልፉ ከኮረብታ ላይ ሆኖ ሲዘሉ ማየት ይቻላል።

ልጆች ያሉት ሰው የሚጠነቀቅለት አንድ ሰሞን አለ። በኖቬምበር መጨረሻና በዲሴምበር መጀመሪያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሱ ወጣቶች ለጭፈራ ሰርፈርስ ፓራዳይዝን ያጥለቀልቁታል። ሌሊቱ አያስተኛም። ምርጫው የእናንተ ከሆነ ሴፕቴምበርን ውሰዱ።

2. የት እንደምታድሩ ወስኑ

ሰርፈርስ ፓራዳይዝ መሃል ከተማ ነው፤ ፎቁ፣ ሱቁና የምሽት ክበቡ እዚያ ነው። ፎቆቹ ከባሕሩ በስተምዕራብ ስለተደረደሩ ከሰዓት በኋላ ጥላቸው አሸዋው ላይ ያርፋል። ጠዋት የነበረው ፀሐይ ቶሎ ይጠፋል። ትናንሽ ልጆች ካሏችሁ ብሮድቢች ይሻላል፤ ትራም አለው፣ መጫወቻ ሜዳ አለው፣ ማታም ረገብ ይላል። በርሊ ሄድስና ኩላንጋታ ደግሞ የበለጠ ሰፈር ሰፈር ይሸታሉ።

ከሆቴል ይልቅ ኩሽናና ልብስ ማጠቢያ ያለው አፓርትመንት ተከራዩ። ሁለት ነገር ልብ በሉ። ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ከሆናችሁ በረንዳው ላይ ያሉትን ወንበሮች ከመከለያው አርቁ፤ ልጅ ይወጣባቸዋል። ቡና ስታፈሉ ደግሞ ከሰልና ዕጣን አታጭሱ። የጭስ ማንቂያው ከጮኸ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሊመጡ ይችላሉ፣ ብዙ ሕንፃዎችም ክፍያውን በእንግዳው ላይ ይጥሉታል። ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ጣዱት። ዕጣኑ ቤት ይጠብቃችሁ።

3. መጓጓዣውን አስተካክሉ

የከተማው አውሮፕላን ማረፊያ ደቡብ ጫፍ ላይ፣ ኩላንጋታ አጠገብ ነው። በብሪስቤን ከገባችሁ ባቡር እስከ ሄለንስቬል ያደርሳችኋል፤ ከዚያ ትራም ይዛችሁ ሳውዝፖርት፣ ሰርፈርስና ብሮድቢች ትደርሳላችሁ። ኩዊንስላንድ ከኦገስት 2024 ጀምሮ የሕዝብ ትራንስፖርት ዋጋን 50 ሳንቲም አድርጋለች። ከብሪስቤን ማረፊያ የሚነሳው ባቡር ግን የራሱ ታሪፍ አለው።

ስለዚህ ለከተማው መኪና አያስፈልግም። ለደኑ ያስፈልጋል። ደን ለምትሄዱባቸው ቀናት ብቻ ተከራዩ፣ የልጅ መቀመጫም አስቀድማችሁ እዘዙ። በኩዊንስላንድ ሕግ ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ተገቢው መቀመጫ መኪና ውስጥ አይቀመጥም።

4. ባሕሩን ከመግባት በፊት እወቁት

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙዎቻችን ያደግነው ከባሕር ርቀን ነው። ሐይቅ እናውቃለን፣ ወንዝ እናውቃለን። ላንጋኖ ላይ የዋኘ ሰው ግን ውቅያኖስን ያውቃል ማለት አይደለም።

ሕጉ አጭር ነው፦ ከላይ ቀይ ከታች ቢጫ በሆኑት ሁለት ባንዲራዎች መካከል ብቻ ግቡ። እዚያ ላይፍጋርዶች ይጠብቃሉ። ባንዲራ ከሌለ አትግቡ። ቀይ ብቻ ከተሰቀለ ባሕሩ ተዘግቷል። ባንዲራዎቹ በየቀኑ፣ አንዳንዴም በቀን ውስጥ ቦታ ይቀይራሉ። ትናንት የዋኛችሁበት ቦታ ዛሬ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

አደጋው በዋናነት ሪፕ የሚባለው ጅረት ነው። ሞገድ ወደ ዳር ያመጣው ውሃ በአንድ ጠባብ መስመር ተመልሶ ወደ ጥልቁ ይሄዳል። ሰውም አብሮ ይወሰዳል። አሳሳቹ ነገር መልኩ ነው። ግራና ቀኙ ሞገድ ነጭ አረፋ እየደፈቀ ሲሰበር መሃሉ ጠቆር ያለና ጸጥ ያለ ይመስላል። እናት ያንን አይታ «እዚህ ይሻላል፣ ሞገድ የለውም» ትላለች። ጥልቁና የሚጎትተው ግን ያ ነው። ከተወሰዳችሁ ከውሃው ጋር አትታገሉ። ተንሳፈፉ፣ እጃችሁን አንሱ፣ ተጣሩ። ጉልበት ካላችሁ ወደ ዳር ሳይሆን ወደ ጎን፣ ሞገድ ወደሚሰበርበት ዋኙ። ዳር ላይ ያለ ሰው ላይፍጋርድ ይጥራ ወይም ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥሩ 000 ይደውል፤ ያለ ተንሳፋፊ ነገር ዘሎ መግባት ሁለተኛ ሰው ማጣት ሊሆን ይችላል።

ለትናንሽ ልጆች ደህናው ምርጫ ሳውዝፖርት ያለው የብሮድዋተር መናፈሻ ነው። ውቅያኖሱ በረጅም የአሸዋ መሬት ስለተከለለ ሞገድ የለም፤ ነጻ የውሃ መጫወቻም አለ። ታለበጄራ ወንዝ ባሕር የሚገባበት ቦታም ውሃው የመስተዋት ያህል የጠራ ነው። ታዲያ ባሕሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ ወንዙ በኃይል ስለሚወጣ እዚያም ዓይናችሁን ከልጅ አትንቀሉ።

ከሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ሲነፍስ ብሉቦትል የሚባል ሰማያዊ ጄሊፊሽ መሰል ፍጥረት ዳር ይወጣል። ክሩ ቢነካችሁ በባሕር ውሃ እጠቡት፣ ቀጥሎ ቆዳ በሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ያህል ንከሩት። ሆምጣጤ አታድርጉበት። ፀሐዩንም አትናቁ። «እኛ ጥቁሮች አንቃጠልም» የሚለው ትክክል አይደለም፣ የልጆች ቆዳም ዓይንም ይጎዳል። ክሬሙን ከመውጣታችሁ 20 ደቂቃ በፊት፣ ከዚያም በየሁለት ሰዓቱ ተቀቡ።

5. ከመዝናኛ ፓርኮቹ ምረጡ

ሙቪ ወርልድ፣ ሲ ወርልድና ዌት ኤንድ ዋይልድ የአንድ ኩባንያ ናቸው። ድሪምወርልድና ዋይትዋተር ወርልድ የሌላ። ስለዚህ ጥምር ትኬት ስትገዙ ከአንዱ ቡድን ጋር ጸንታችሁ ቆዩ፤ ከሁለቱም መግዛት ኪስ ያራቁታል። በኢንተርኔት አስቀድማችሁ ግዙ። የልጆቻችሁን ቁመት ለኩና የየጨዋታውን ገደብ እዩ፤ ለሰልፍ ቆሞ በር ላይ መመለስ ልጅን ያስለቅሳል። በአንድ ቀን ከአንድ ፓርክ በላይ አታቅዱ።

እኔ ግን ከሮለርኮስተሩ በፊት ከረምቢን የዱር እንስሳት መጠለያ ውሰዷቸው እላለሁ። በ1947 አንድ አበባ የሚያለማ ንብ አናቢ ሎሪኬት የሚባሉት ባለ ብዙ ቀለም ወፎች አበባውን ቢያበላሹበት፣ ማር በዳቦ እየቀባ ይመግባቸው ጀመር። ሰው ለማየት መጣ። ዛሬም ያ ምግብ ማብላት ቀጥሏል። ልጁ ጣፋጭ ውሃ ያለበትን ሳህን ይይዛል፣ ወፎቹ እየተንጫጩ ክንዱ ላይ፣ ትከሻው ላይ፣ አናቱ ላይ ያርፋሉ። ጥፍራቸው ትንሽ ይቧጥጣል፤ እጀ ረጅም ልብስ አልብሷቸው።

6. ለደኑ ሙሉ ቀን ስጡት

ከኋላ ያለው ተራራ ከ23 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈነዳ ትልቅ እሳተ ገሞራ ቅሪት ነው። ደኑ ጎንድዋና በሚባለው የዓለም ቅርስ ውስጥ ነው፤ የኩዊንስላንዱ ክፍል የተመዘገበው በ1994 ነው። መግቢያው በነጻ ነው።

ከልጆች ጋር ለመጀመር ስፕሪንግብሩክ የሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ይመረጣል። «ናቹራል ብሪጅ» የሚባለው ቦታ አንድ ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ ደረጃ ያለው ዙር መንገድ ነው። ወንዙ ከላይ የዋሻውን ጣሪያ በስቶ ይወርዳል። ከውስጥ ቆማችሁ ስታዩት ውሃው በቀዳዳው ከብርሃን ጋር አብሮ ይዘንባል። መዋኘት ክልክል ነው። ማታ ከመጣችሁ ደግሞ ግድግዳው ላይ የሚያበሩ ትሎች ታያላችሁ። የእጅ ባትሪውን ወደ መሬት አድርጉ፣ ፍላሽ አታንሱ፣ የትንኝ ቅባትም አትቀቡ፤ ሁሉም ትሎቹን ይጎዳል።

እግራቸው የጠነከረ ልጆች ካሏችሁ ፐርሊንግ ብሩክ ፏፏቴ አለ። 100 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ዙሩ 4 ኪሎ ሜትር ነው፣ መውጫው ያስተነፍሳል። ላሚንግተን፣ በ1915 ብሔራዊ ፓርክ የሆነው፣ ራቅ ይላል፣ መንገዱም ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። ኦራይሊስ በሚባለው በኩል ከዛፍ ዛፍ የተንጠለጠለ ድልድይ ላይ መራመድ ይቻላል። ልጅ የሚያስመልሰው ከሆነ ላስቲክ ያዙ። ጊዜ ካጠራችሁ በርሊ ሄድስ ኮረብታ ላይ ያለው ትንሽ ደን ከከተማው ሳትወጡ ይበቃል።

ከመነሳታችሁ በፊት የኩዊንስላንድ ፓርኮችን ማስታወቂያ እዩ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ መንገዶች ይዘጋሉ። ላዩ ከባሕር ዳሩ ስለሚቀዘቅዝ ሹራብ ያዙ። ዝናብ ሲኖር አልቅት አለ፤ ካልሲ ከሱሪ በላይ ሳቡ። ከመንገድ አትውጡ፤ ቅጠሉ ከሳማ እጅግ የከፋ የሚያቃጥል ዛፍ እዚያ ይበቅላል፣ ሕመሙም ቶሎ አይለቅም።

7. ምግቡን አታካብዱት

በባሕር ዳር መናፈሻዎች ነጻ የኤሌክትሪክ መጥበሻዎች አሉ። ሥጋውን ከትፋችሁ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጥብሱን እዚያው ሥሩ። ከጨረሳችሁ በኋላ መጥበሻውን ጥረጉ። በብሪስቤን በኩል የምትመጡ ከሆነ ሙሩካ የሚባለው ሰፈር ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ፤ እንጀራውን ከዚያ ጫኑ።

8. የመጨረሻውን ቀን በደቡብ አሳልፉ

የምትመለሱት ከኩላንጋታ ማረፊያ ከሆነ ሻንጣውን አስቀምጣችሁ በዚያው አካባቢ፣ ኪራ ወይም ግሪንማውንት ዋኙ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ጎረቤት ግዛቷ ኒው ሳውዝ ዌልስ የምትጀምረው እዚያው ነው። ከኦክቶበር መጀመሪያ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ እነሱ ሰዓት ወደፊት ይገፋሉ፣ ኩዊንስላንድ አትገፋም። ስልካችሁ የማዶውን ኔትዎርክ ይዞ ራሱን አንድ ሰዓት ሊያስቀድም ይችላል። ማረፊያው የሚሠራው በኩዊንስላንድ ሰዓት ስለሆነ የስልካችሁን ሰዓት በእጅ ብሪስቤን ላይ አድርጉት።