ፈር ዛፍ ሲተክሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፈር ቀዝቃዛና ርጥበት ያለው የተራራ አየር የለመደ፣ መርፌ ቅጠል ያለው ዛፍ ነው። ተክለውት የደረቀባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ በችግኙ ያሳብባሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያልተስማማው ቦታው ነው።

ውሃ የሚያቁር መሬት ላይ መትከል። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። የፈር ሥር ርጥበት ይወዳል፤ ውሃ ሲተኛበት ግን አየር ያጣል። ፋይቶፍቶራ የሚባለው ሥር አበስባሽ ተህዋስም የሚመቸው እንዲህ ያለ ጭቃ ነው። ምልክቱ ደግሞ ያሳስታል። ቅጠሉ መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፤ ቆይቶ ወደ ቀይ ቡኒ ይለወጣል። ባለቤቱ ውሃ ጠማው ብሎ ይጨምርለታል፤ ያ ነው የሚገድለው። ስለዚህ አስቀድመው ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉበት። በማግስቱ ውሃው እዚያው ካለ ሌላ ቦታ ይፈልጉ፤ ካጡ አፈር ከምረው ከፍ ባለው ላይ ይትከሉ።

ዝርያውን ሳይለዩ መግዛት። ሁሉም ፈር አንድ አይደለም። ፍሬዘር ፈር የአሜሪካ አፓላቺያን ተራሮች ተወላጅ ነው፤ ሙቀትና ከባድ ሸክላ አፈር ይጎዳዋል፣ ሥሩም ቶሎ ይበሰብሳል። ኮንኮለር ፈር ሙቀትና ድርቅን በመቋቋም ከብዙዎቹ ይሻላል። የካውካሰስ ተራሮች ተወላጅ የሆነው ኖርድማን ፈር በትውልድ ቦታው እስከ 60 ሜትር ይደርሳል፤ እባክዎ ግድግዳ ሥር አይትከሉት።

መርፌ ቅጠል ያለው ሁሉም ፈር አይደለም፤ ስፕሩስና ፓይን የሚባሉት ዛፎችም መርፌ ቅጠል አላቸው። አንዷን ቅጠል ነቅለው ይዩ። የፈር ቅጠል ጠፍጣፋ ነው፣ ሲነቀልም ቅርንጫፉ ላይ ለስላሳ ክብ ጠባሳ ብቻ ይተዋል። ስፕሩስ ከሆነ ቅጠሉ ሲነቀል ሻካራ ጉጥ ይቀራል። ፓይን ደግሞ ቅጠሎቹ በጥቅል ነው የሚወጡት።

ኖራ ወይም አመድ መጨመር። ፈር ትንሽ አሲዳማ አፈር ይፈልጋል፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ5 እስከ 6.5 ቢሆን ይመቸዋል። ኖራና አመድ አሲዱን ይቀንሱበታል።

ጠልቆ መቅበር። ግንዱ ወደ ሥር መስፋት የሚጀምርበት ቦታ ከአፈር በላይ ይታይ። ጉዝጓዝ ማልበስ ጥሩ ነው፤ ግንዱን ግን አይንካ።

እንደ አጥር ቁጥቋጦ መከርከም። ቅጠል የሌለው አሮጌ ቅርንጫፍ ከተቆረጠ እንደገና አያቆጠቁጥም ማለት ይቻላል፤ ክፍተቱ እንዳለ ይቀራል። መቀስዎ ቅጠል ካለበት አዲስ እድገት አይለፍ። ወደ ላይ የሚመራውን ጫፍም አይንኩት፤ እሱ ከተቆረጠ ዛፉ ቀጥ ያለ ቅርፁን ያጣል።